የላሊበላ መጠለያና ድንጋዩ የያዘው ውሃ፦ የጉዳይ ጥናት

ላሊበላ ላይ ስለ መጠለያው አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። አስጎብኚው የራሱ አለው፣ ካህኑ የራሱ አለው፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ወጣትም የራሱ አለው። ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተሠሩ። የሚሸፍኑት አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ነው፦ ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን። ሲሠሩ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። እኛ አገር ደግሞ ጊዜያዊ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። የሕዝቡ ስጋት በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያ ሁሉ ብረት አንድ ቀን ንፋስ ጥሎት ቤተ ክርስቲያኑን ቢጎዳስ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ድንጋዩ ዝናብ አጥቶ ከመጠን በላይ እየደረቀ ነው፣ ድርቀቱም እየሰነጠቀው ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ለመዋቅር መሐንዲሶች እተዋለሁ። ሁለተኛው ግን የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ያውም ግሩም ጥያቄ። ውሃ የጠጣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ሙቀትን እንዴት ያስተላልፋል? ውሃው ወጥቶ አየር ሲተካውስ ምን ይለወጣል? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይካሄዳል። አንዱ ጎራ ጠላቱ ውሃ ነው ይላል። ሌላው ጠላቱ ድርቀት ነው ይላል። በእኔ እይታ ሁለቱም ግማሹን ይዘዋል። ውሃውን ከሙቀቱ ለይቶ ማየት አይቻልም።

ድንጋዩ

አስራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሰሜን ወሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዘጉዌ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ እንዳሠራቸው ይነገራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ቀላ ያለ፣ ለመጥረቢያ የሚበገር፣ የባዛልት ዘር ያለው። የቀለጠው አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ድንጋዩ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ቀረብ ብሎ ግድግዳውን ያየ ሰው ቀዳዳዎቹን በዓይኑ ይለያቸዋል። አንዳንዱ የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ አንዳንዱ ጣት ያስገባል። በጥቃቅን ስንጥቆች የሚገናኙም አሉ። በዘመን ብዛት የተበላው ክፍል ደግሞ ወደ ሸክላ አፈርነት የተለወጠ ማዕድን ይዟል። ይህ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከሥራቸው አለመነሳታቸው ነው። ቤተ መድኃኔዓለም ዙሪያው ተፈልፍሎ የቆመ ነው፣ እግሩ ግን ከእናት አለቱ ጋር አንድ ነው። ምድር የያዘችው ውሃ በጥቃቅኑ ቀዳዳ እየተሳበ ወደ ግድግዳው ይወጣል። ከላይ ምንም ብንሸፍን ይህ መንገድ አይዘጋም። በመጠለያው ክርክር ውስጥ ይህች ነጥብ ብዙም ስትነሳ አልሰማም።

በሐምሌና በነሐሴ ቀዳዳው ውሃ ይሞላል። በጥርና በየካቲት አየር ይሞላል። አለቱ ያው አለት ነው። ለሙቀት ግን ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ናቸው።

ሲረጥብና ሲደርቅ

ትኩስ ድስት በደረቅ ጨርቅ ያነሳ ሰው ምንም አይሆንም። በእርጥብ ጨርቅ ያነሳ ግን ጣቱን ይለበለባል። ጨርቁ አንድ ነው፤ የተለወጠው በክሮቹ መሃል ያለው ነገር ነው። አየር ሙቀትን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ውሃ ግን ከአየር 23 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። የላሊበላ ግድግዳም ጉዳዩ ይኸው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከመጠኑ 30 በመቶው ቀዳዳ የሆነ ባዛልት እንውሰድ። ጠጣሩ አካል በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 1.7 ዋት ያስተላልፋል እንበል፤ ለእንዲህ ያለ ድንጋይ የሚሠራበት ቁጥር ነው። የውሃ 0.6 ነው፣ የአየር 0.026። ጠጣሩንና ቀዳዳውን የሞላውን እንደየድርሻቸው ለማዋሃድ መሐንዲሶች የሚወዱት ቀላል ስሌት አለ፤ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ይባላል። በዚያ ብናሰላው ደረቁ ድንጋይ 0.49 አካባቢ ይመጣል። ውሃ የጠገበው 1.24 ይመጣል። እርጥቡ ሁለት ተኩል እጥፍ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ሙቀት የመያዝ አቅሙም ያድጋል። ደረቁን አንድ ሜትር ኩብ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.6 ሚሊዮን ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ይበቃል። እርጥቡ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ይፈልጋል። ውሃ ለመሞቅ ሰነፍ ነው።

አሁን የሚገርመው ይመጣል። የቀኑ ሙቀት ወደ ግድግዳው ምን ያህል ይገባል ብለን ብንጠይቅ በደረቁና በእርጥቡ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። የማስተላለፍ ብቃቱና የመያዝ አቅሙ አብረው ስላደጉ እርስ በርስ ይጣፋሉ። በደረቁ 9 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በእርጥቡ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ የቀንና የሌሊቱ መዋዠቅ ፊቱ ላይ ካለው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ግማሽ ሜትር ከገቡ በኋላ ድንጋዩ ቀኑን ከሌሊቱ አይለይም። የዓመቱ ሙቀት ግን 19 ጊዜ ያህል ጠልቆ ይገባል፤ ወደ ሁለት ሜትር ማለት ነው። በቀትር ከውጭ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገቡ የሚቀበለው ቅዝቃዜ ከዚህ የመጣ ነው። ወፍራሙ ግድግዳ የሚያስታውሰው ወሩን እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

የጥልቀቱ ልዩነት ጥቂት ከሆነ ታዲያ ምን አጨቃጨቀን? ልዩነቱ ያለው ፊቱ ላይ ነው። አንድ ዓይነት የፀሐይ ሙቀት በሁለቱም ላይ ቢያርፍ፣ የደረቁ ድንጋይ ገጽ ከእርጥቡ ሁለት እጥፍ በላይ ይዋዥቃል። እርጥቡ በ10 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ሲል ደረቁ ከ20 ዲግሪ በላይ ይላል። ሙቀቱን ወደ ውስጥ ማስገባት ስለማይችል ፊቱ ላይ ይከምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሴንቲሜትሮች ያለው የሙቀት ቁልቁለት ደግሞ ከእርጥቡ ሁለት ተኩል ጊዜ ይበልጣል። ድንጋይ ሲሞቅ ይለጠጣል። አንድ ሜትር ባዛልት በ20 ዲግሪ ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ፊቱ ይህን ያህል ሊለጠጥ ሲፈልግ 20 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ያለው አካሉ አይከተለውም። በየቀኑ፣ ለስምንት መቶ ዓመት። ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወርደው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅ መፈተሽም ይቻላል። ዝናቡ ሲያባራ የግድግዳው ግርጌ ረጥቦ፣ ከፍ ያለው ክፍል ደርቆ ይታያል። ሁለቱን በመዳፍ ቢነኩ እርጥቡ በጣም ይቀዘቅዛል። አንዱ ምክንያት በእርግጥም መቀዝቀዙ ነው። ሌላው ግን የሙቀት መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ እርጥቡ የእጅን ሙቀት ቶሎ ስለሚነጥቅ ነው። መዳፍ የሚለካው ይህን የመንጠቅ ፍጥነት ነው።

በድንጋይና በውሃ መሃል ያለው ስምምነት

እስካሁን አንድ ነገር ሳልናገር አልፌያለሁ። ስሌቱ ሁሉ ድንጋዩንና በቀዳዳው ያለውን ውሃ በአንድ የሙቀት መጠን ነው የቆጠረው። ይህ ልክ ነው? በባለ ቀዳዳ አካላት ጥናት ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ድንጋዩና ውሃው በአንድ ነጥብ ላይ እኩል ከሞቁ በሙቀት ሚዛን ላይ ናቸው ይባላል፤ አንድ ቀመር ይበቃቸዋል። ካልሆነ ለድንጋዩ አንድ፣ ለውሃው ሌላ ቀመር መጻፍና ሁለቱ በመገናኛቸው ላይ የሚለዋወጡትን ሙቀት ማስላት ግድ ነው።

መልሱ በቀዳዳው ስፋት ላይ ነው። አንድ ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ የተኛ ውሃ ከዙሪያው ድንጋይ ጋር ለመስማማት ሰባት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ቀዳዳው አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን 12 ደቂቃ ይሆናል፤ ጊዜው በስፋቱ ካሬ ስለሚያድግ። ፀሐይ ለመውጣትና ለመጥለቅ ሰዓታት ትወስዳለች። ስለዚህ ለቀንና ሌሊቱ ዑደት ውሃውና ድንጋዩ ሁልጊዜም ተስማምተው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀመር በቂ ነው።

የማይሰማሙበት ጊዜ ግን አለ። በነሐሴ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን ታግለዋለች። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ ይወርዳል። ውሃው በተከፈተው ስንጥቅ እየሮጠ ይገባል። የቆመ ውሃ ሳይሆን የሚፈስ ውሃ ነው፤ ለመስማማት ጊዜ የለውም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትኩስ ድንጋይ፣ በመሃሉ ቀዝቃዛ ውሃ። ስንጥቁ የሚሰፋው ልክ ሊጠገን በሚገባው ቦታ ላይ ነው። መጠለያው ይህን በትክክል ያስቀራል። ተቺዎቹ ይህን ውለታ ሊነፍጉት አይገባም።

ትነት የሚባለው ባለዕዳ

ውሃ ሙቀትን ከማስተላለፍና ከመያዝ ሌላ ሦስተኛ ሥራ አለው። ይተናል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2.45 ሚሊዮን ጁል ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቢተን፣ ሙቀቱ ሁሉ ከድንጋዩ ቢወሰድ፣ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን እርጥብ አካል ከ8 ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ እርጥቡ ግድግዳ የሚጠበቀውን ያህል አይሞቅም።

ትነቱ ግን ጣጣም አለው። ውሃው ባዶውን አይመጣም፤ ከአለቱ ያሟሟውን ጨው ይዞ ነው። ውሃው የድንጋዩ ፊት ላይ ከተነነ ጨውም እዚያው ይቀራል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ድንጋዩ እየደረቀ ሲሄድ ግን የሚተንበት ቦታ ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል። ያኔ ጨው ከቅርፊቱ ጀርባ፣ በቀዳዳው ውስጥ ይበቅላል። ሲበቅል ይገፋል። ቅርፊቱ ይነሳል። መጠለያ ሥር ያለው ግርጌ ከምድር ውሃ ያገኛል፣ የሚያጥበው ዝናብ ግን የለውም።

የሬንጁ ነገር

ውሃን በግድ ለማስቆም የተደረገ ሙከራ ቀደም ብሎ ነበር። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በተደረገ ጥገና በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ ተቀብቷል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሬንጅ ይቀባል። ግን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ፊቱን ሲዘጉት ውሃው የት ይሂድ? ውስጥ ይታፈናል። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ፀሐይን ይጠጣል። የታፈነው ውሃ ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ከውስጥ ቅርፊቱን ይገፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ኢንተርናሽናል ፈንድ ፎር ሞኑመንትስ፣ የዛሬው ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ፣ ከጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጋር በሠራው ጥገና ሬንጁ ተነሳ።

መጠለያው ከሬንጁ ይሻላል፤ ብዙ ይሻላል። ድንጋዩን አይነካውም፣ ከላይ ርቆ ነው የሚሸፍነው፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ድንጋዩ ይተነፍሳል።

መጠለያው ሥር

ታዲያ ድርቀቱ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? መጠለያውን አንድ ወጥ ቦታ አድርጎ ማየቱ ነው ያሳሳተን።

መሃሉን እንውሰድ። እዚያ ድንጋዩ ደርቋል፣ ልክ ነው። ፀሐይም ግን አታርፍበትም። የደረቀ ድንጋይ ሁለት እጥፍ ይዋዥቃል ያልነው እኩል ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ጥላ ሥር የሚደርሰው ሙቀት እጅግ ስለሚቀንስ መዋዠቁም ይሰክናል። ስለዚህ መሃሉ ከሙቀት በኩል ደህና ነው። እዚያ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ በየክረምቱ ያብጥ የነበረው የሸክላ ማዕድን ያለማቋረጥ ሲሸበሸብ የሚከፍተው ስንጥቅ። ካህናቱ ድርቀት ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ ስጋታቸው መሠረት አለው።

ግርጌው ሌላ ታሪክ ነው። ከምድር ውሃ ይስባል፣ ጨው ይከማችበታል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጠርዙ ነው። ቤተ መድኃኔዓለም በጥልቅ ጉድጓድ መሃል የቆመ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ይቀራረባል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመጣ የጉድጓዱ ግድግዳ ታችኛውን ክፍል ይከልላል። በመጠለያው ክፍት ጎን ገብታ የምታገኘው የጣሪያውን ጠርዝና የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል ነው። ያ ክፍል ዝናብ ብዙም አያገኝም፣ ስለዚህ ደረቅ ነው። ፀሐይ ግን ያገኛል። የደረቅ ድንጋይ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ነው። በነፋስ የተገፋ ዝናብ አልፎ አልፎ ሲረጨው ደግሞ አንዱ ጎን እርጥብ፣ ጎረቤቱ ደረቅ ይሆናል። ሁለት እጥፍ የሚዋዥቅና ግማሹን የሚዋዥቅ ድንጋይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቆማሉ። በመካከላቸው የሚፈጠረውን መጎተት መገመት አያስቸግርም።

ቤተ ጊዮርጊስን ለማነጻጸሪያ ማየት ይጠቅማል። መጠለያ የለውም። ጣሪያው ላይ ከተቀረጸው መስቀል ውሃውን የሚያስወግድ አሸንዳ ተፈልፍሎለታል። ጠራቢዎቹ ዝናቡን መከልከል አልሞከሩም፤ ቶሎ እንዲሄድ ነው ያደረጉት። ድንጋዩ ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ ሊከን የሚባለው ሻጋታ መሰል ነገር ይበቅልበታል፣ ቆሟል። አለቱ ራሱ የተሻለ ስለሆነም ጭምር ነው፤ ለአሸንዳው ብቻ ምስጋናውን መስጠት አይገባም። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልም በ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) በወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ሲጠገን ትልቅ መጠለያ አልተሠራለትም፤ ሥራው ስንጥቁንና ጣሪያውን ማስተካከል ነበር። ይህ መንገድ ለኔ ይበልጥ ያሳምነኛል። አዝጋሚ ነው፣ ለፎቶም አይመችም።

ይነሳ ከተባለ

መለካቱ ከባድ አይደለም። ትንንሽ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያዎችን በ2፣ በ10 እና በ30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ማስቀመጥ ነው፤ የተቀረጸውን ሳይነኩ፣ ቀድሞ በተከፈተ ስንጥቅ ወይም በአሮጌ ጥገና ውስጥ። ቦታዎቹ በመጠለያው መሃል፣ በምሥራቁና በምዕራቡ ጠርዝ፣ በግርጌው፣ ከዚያም ለንጽጽር ቤተ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ ተራ አለት ላይ ይሁኑ። ከዓመት ያነሰ መረጃ አይረባም፤ የዓመቱ ሙቀት ሁለት ሜትር የሚገባ ነው፣ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሙሉ ማለፍ አለበት።

ማንሳቱ ከተወሰነ ወቅቱ ወሳኝ ነው። ለዓመታት የደረቀ ድንጋይ በጥቅምት ድንገት ቢገለጥ ሙሉውን የበጋ ፀሐይ ያለ ውሃ ይቀበላል፤ ሁለት እጥፍ መዋዠቁ ያን ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ይመጣል። ስንጥቁ ሳይደፈን በሐምሌ ቢገለጥ ደግሞ ሸክላው በአንድ ጊዜ ያብጣል፣ ዝናቡም በስንጥቁ ይሮጣል። ስለዚህ በበጋው፣ እዚያው መጠለያው ሥር፣ ስንጥቁ ይደፈን፣ አሸንዳው ይስተካከል፣ የጉድጓዱ የውሃ መውረጃ ይጠረግ። ብረቱ የሚወርደው ሰኔ ሲያልቅ፣ ሰማዩ ደመና ሲለብስ ነው። ለሠራተኛው ጭቃና ዝናብ ነው፣ ወጪውም ይጨምራል። ድንጋዩ ግን የመጀመሪያውን ውሃ ሳይግል ይጠጣል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይዋ ስትበረታም እርጥብ ሆኖ ይጠብቃታል።